ልጄ ካሜራዋ ሥር የገጠመችው ነገር

ልጄ ያን ጥቁር ነገር ይዛ የገባች ቀን፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ሰው ሰጥቷታል የሚል ነው። ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው። ወፈር ያለ፣ ጎማ የለበሰ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ ዕቃ ነው። ካሜራ አይደለም፣ ሌንስም አይደለም። ሌንስማ አውቃለሁ፣ ስንቴ ጠርጌላታለሁ።

«ምንድን ነው እሱ?» አልኳት።

«ግሪፕ ነው እማ። ካሜራው ሥር የሚገጠም።»

«ማን ሰጠሽ?»

«ማን ይሰጠኛል? ገዛሁት እንጂ። ስታዲየም ጋ፣ ያገለገለ።»

ያገለገለ ስትለኝ ደግሞ ሌላ ጭንቀት ገባኝ። የት ነው ያገለገለው? የማን ነበር? ባለቤቱ መንገድ ላይ አይቶ «የኔ ነው» ብሎ ቢይዛትስ? ይሄን ሁሉ አልጠየቅኳትም። ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። እሷም ማየቴን አይታ ሳቀች።

እኔና ልጄ ሁለታችን ብቻ ነን። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ሲፈርስ ቄራ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን ገባን። እኔ ባምቢስ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ጽዳት እሠራለሁ። እሷ ሰርግ ታነሳለች፣ ማለቴ ፎቶ። ልደት፣ ምርቃት፣ ክርስትናም ታነሳለች፣ የሚያበላት ግን ሰርጉ ነው። እኔ ትምህርቴን ገና ከጅምሩ ነው ያቋረጥኩት። የሷን ዕቃ ስም ሁሉ አላውቅም። ሰው ሲዋሸኝ ግን አውቃለሁ።

ያን ቀን ያሠጋኝ ዕቃው ብቻ አልነበረም። መልሷ ነው። ጠይቄ ሳልጨርስ ትመልስልኛለች።

«ሁለት ባትሪ ይይዛል» አለች። በጎኑ በኩል እንደ ትንሽ መሳቢያ ስቦ የሚወጣ ነገር አለው፣ ስባ አሳየችኝ፣ እውነትም ሁለት ባትሪ ተኝቶበታል። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቃል ኪዳን እየገቡ ባትሪ ቢያልቅብኝ ምን እላለሁ? ቁሙ ልቀይር ልበላቸው? መብራትም እንደልብ የለም፣ ሲመጣ ሁለቱንም አንዴ ቻርጅ አደርጋለሁ።»

«ባትሪ ብቻ ነው?»

«ባትሪ ብቻ አይደለም። ካሜራውን ለቁመት ፎቶ በጎኑ አቁመሽ ስታነሺ ክንድሽ ይንጠለጠላል። ግሪፑ ግን እዚህ ሌላ የማንሻ ቁልፍ አለው፣ እጄ ዝቅ ብሎ ያነሳል። ትከሻዬን አታይም እንዴ?»

ትከሻዋን አያለሁ። ሰኞ ሰኞ ዘይት የማሸው እኔ ነኝ። ግን ካሜራው ላይ ልትገጥመው ስትጀምር የባትሪውን ክዳን ከካሜራው ነቅላ አወጣችው።

«ለምን ሰበርሽው?»

«አልሰበርኩትም እማ፣ እንዲህ ነው አሠራሩ። ክዳኑ ግሪፑ ውስጥ ማስቀመጫ አለው፣ አየሽ? ግሪፑ ሲነቀል ደግሞ ቦታው ይመለሳል።»

ገጠመችው፣ ጥርስ ጥርስ ያላት ክብ ማጥበቂያ በአውራ ጣቷ አዙራ አጠበቀችው፣ አንስታ ዓይኗ ላይ አደረገችው። ያቺ የማውቃት ትንሽ ካሜራ ጠፋች። ፊቷን ግማሽ የሚሸፍን ትልቅ ነገር ሆነ። ያኔ ነው የፈራሁት።

እውነተኛውን ምክንያት ከሳምንት በኋላ ነው የነገረችኝ። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት ካሜራዋን አይቶ በሰው ፊት «በዚች ነው እንዴ የምታነሺን? የኔ ስልክ ይበልጣታል» ብሏታል። ሚዜዎቹ ሳቁ። እኛ ሰፈር ደግሞ ሰው የፎቶውን ማማር የሚያየው ኋላ ነው፣ መጀመሪያ የሚያየው የካሜራውን ትልቅነት ነው። ትልቅ ካሜራ የያዘ ሰው ከመጣ ሰርጉ ሰርግ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ ነው የገጠመችው። ይሄንንም ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?

የኔ ሥጋት ደግሞ በተቃራኒው ነው። በስልክ ከተማው ሁሉ ያነሳል፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ትልቅ ካሜራ ሲወጣ ግን ሰው ሁሉ ይዞራል። በሞተር መጥቶ የሚነጥቅ አለ። «ለማን ነው የምታነሺው?» የሚል አለ። ሙሽሮች በሚፈልጓት ሰዓት ይዩዋት፣ ከዚያ ውጪ ሰው እንዲያያት አልፈልግም።

ዕቃው ከገባ ብዙም ሳይቆይ አንድ ቅዳሜ ከቀትር ጀምሮ ስልኳ ተዘጋ። ሥራ ላይ ሆኜ ደወልኩ፣ ዝግ። ወጥቼ ደወልኩ፣ ዝግ። ሊመሽ ሲል መጣች።

«ባትሪ ዘጋብኝ» አለች ጫማዋን እያወለቀች።

ልጄ ባትሪ የሚያልቅባት ልጅ አይደለችም። ቦርሳዋ ውስጥ ፓወር ባንክ አለ፣ የካሜራው ትርፍ ባትሪ አለ፣ የፍላሹም አለ። ባትሪ እንዳያልቅባት ብላ ያን ሁሉ ተሸክማ የምትዞር ልጅ ስልኳ ባትሪ ዘጋ? ምሳም አልበላችም፣ እራት ላይ አበላሏ ይናገራል። ይሄንንም ሐሳቤ ውስጥ አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ነው አብሬሽ እሄዳለሁ ያልኳት።

«የት?»

«ሰርግ። እሑድ ሥራ የለኝም።»

«እማ፣ እናቷን ይዛ የምትዞር ፎቶ አንሺ ይሉኛል እኮ።»

«ረዳቷ ነኝ በያቸው።»

«ረዳት በነጠላ?»

«ነጠላ ምን አለው? ቦርሳ አልይዝበትም?»

ሳቀች፣ ግን እምቢ አላለችም። እምቢ አለማለቷንም ጠረጠርኩት። ድሮ ብትሆን በር ላይ ታስቀረኝ ነበር።

በሚኒባስ ስንሄድ የካሜራውን ቦርሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ማንገቻውን እጄ ላይ ጠመጠምኩት። ከጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ሰዓት ጠየቀኝ። እጁ ላይ ሰዓት አስሯል። ለምን ይጠይቀኛል? አላውቅም ብዬ ወደ ልጄ ተጠጋሁ። ኋላ ሲወርድ ሰዓቱን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያዳምጥ አየሁት፣ ቆሞበት ነው መሰለኝ። ቢሆንም።

ሙሽራዋ እንደኛው የካዛንቺስ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ እንደኛው ተነስተው ሌላ ቦታ ገብተዋል። ከሷ ወገን ጋር በመኪና ወደ አዳራሽ ስንሄድ አስቆመችና የግቢያቸው በር የነበረበት ቦታ ላይ ፎቶ ካላነሳችሁኝ አለች። ወረድን። በሩ የለም፣ ግቢው የለም። ሰፊ መንገድ፣ አበባ፣ ከጀርባው የሕንፃ ሥራ የታጠረበት ቆርቆሮ። ሙሽራዋ እግረኛ መንገዱ ላይ ቬሎዋን ሰብስባ ወዲያ ወዲህ አለች።

«እዚህ ጋ ነው» አለች። «አይ፣ ትንሽ ወደዚህ።»

አክስቷ አብራን ነበረች፣ ድምፅዋ ወፍራም ሴት። ልጄ ካሜራውን ስታወጣ አይታ «ይኸውላችሁ፣ ካሜራ ማለት ይሄ ነው» አለች። ለመንገደኛው ሁሉ የምትናገር ትመስላለች። ልጄ ደስ አላት። እኔ ግን ዝም በይልን ልላት ምንም አልቀረኝም።

እንደፈራሁትም ከቆርቆሮው በስተኋላ አንድ ጥበቃ ወጣ። ወጣት ነው፣ ኮፍያው ሰፍቶታል።

«እህት፣ ቁሚ። ፈቃድ አለሽ?» አለ። ቀረብ ሲል ልጄን አያትና «እንዴ፣ አንቺ እንደገና መጣሽ?» አላት።

እንደገና። ሌላውን ሁሉ ትቼ እሷን ቃል ብቻ ሰማሁ። ልጄን አየኋት፣ አላየችኝም።

አክስትየዋ መሐል ገባች። «ሙሽራ ናት እኮ ወንድሜ፣ ቬሎውን አታይም? ሰላይ ቬሎ ለብሶ ይመጣል?»

«ሙሽራ ይሁኑ፣ ማን ተቃወመ። በስልክ ያንሱ። በስልክ ከልክዬ አውቃለሁ? ትልቅ ካሜራ አይቻልም ነው የተባልነው።»

«ትልቅ ያልከው ይሄን ነው?» አለች ልጄ። ድምፅዋ ረጋ ያለ ነው፣ እኔ ግን ጣቶቿን አውቃቸዋለሁ። ያቺን ክብ ማጥበቂያ ፈታች። ግሪፑን ነቀለች። ከውስጡ ክዳኑን አውጥታ ካሜራው ላይ መለሰች፣ ከሁለቱ ባትሪ አንዱን ከተተች፣ ዘጋች። ያቺ የድሮዋ ትንሽ ካሜራ መዳፏ ላይ ቀረች።

ጥበቃው ጎንበስ ብሎ አየ። «ይሄ ራሱ ነው?»

«ራሱ ነው።»

«ይሄስ?» ግሪፑን ተቀበላት፣ ገለበጠው፣ ጆሮው አጠገብ አድርጎ ነቀነቀው።

«ባትሪ ነው።»

«ባትሪ ብቻ ነው?»

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ የጠየቅኳት ጥያቄ ነው፣ ቃል ሳይጎድል። በኔ አፍ ሲወጣ ፍርሃት ነበር። በሱ አፍ ሲወጣ ግን ልጄን የሚያስይዛት መሰለኝ። ጠጋ አልኩት።

«ባትሪ ነው ልጄ» አልኩት። «መሳቢያውን ሳበው፣ አንዱ እዚያ አለ። ቤቴ ነው የሚውለው የሚያድረው፣ አይቼዋለሁ።»

ሳበው። አየ። እኔንም ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አየኝ።

«እናቷ ነዎት?»

«ረዳቷ ነኝ» አልኩ። አክስትየዋ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም።

«እንግዲያ ይሄን እርስዎ ይያዙና እዚያ ማዶ ይቁሙ እማማ። እናንተ ቶሎ ጨርሱ። ካሜራው ወደ ቆርቆሮው እንዳይዞር።»

ግሪፑን ነጠላዬ ውስጥ አድርጌ ማዶ ቆምኩ። ከዚያ ሆኜ ልጄን አየኋት። ካሜራውን በጎኑ አቁማ ስታነሳ ክንዷ ከራሷ በላይ ይንጠለጠላል፣ ሦስት አራት ካነሳች በኋላ እጇን አውርዳ ትከሻዋን ታሻለች። እውነቷን ነው ማለት ነው። ሙሽራዋ ባዶው ቦታ ላይ ቆማ እንደ በፊቱ በሩን ደገፍ ማለት ፈለገች፣ የምትደገፈው ነገር የለም። ጥበቃው ዓይኑን ከኔ ላይ አላነሳም። እኔም ከሱ ላይ አላነሳሁም።

አዳራሽ ስንደርስ ዘፈኑ ገና አልተጀመረም። ልጄን ዕቃ ቤት በር ላይ ያዝኳት።

«እንደገና ያለው ምንድን ነው?»

ግሪፑን ከእጄ ተቀብላ ትገጥማለች፣ ቀና አትልም። «ያን ቅዳሜ ነው። ሙሽራዋ ያሰበችውን ቀድማ ነግራኝ፣ ቦታውን ላይ ብዬ ሄጄ ነበር። አስቆሙኝ። አለቃቸው እስኪመጣ ጠብቂ ብለው የጥበቃ ቤታቸው ውስጥ አስቀመጡኝ፣ ስልኬን ወሰዱት። ኋላ መጥቶ ያነሳሁትን አስጠፋኝና ሂጂ አለኝ። በቃ።»

«በቃ?»

«አልነኩኝም እማ። ትልቅ ስለሆነ ነው ያላመኑኝ። ቢነቀል ይለቁኝ ነበር ብዬ ያሰብኩት ከዚያ ወዲህ ነው።»

«እንግዲያ ሽጪው።»

«ትከሻዬስ? ዛሬ አክስትየዋ ካሜራውን ስታይ የተናገረችውን አልሰማሽም? ለሙሽራዋ እህት ሰርግም እኔኑ ነው የምትጠራው።»

ተጨቃጨቅን፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን። እሷ ግሪፑን አልተወችም፣ እኔም ፍርሃቴን አልተውኩም። በመጨረሻ መንገድ ላይ እንዲነቀል፣ ቤተ ክርስቲያንና አዳራሽ ውስጥ እንዲገጠም ተስማማን። አንድ ነገር ግን ጨመርኩ።

«ሁለተኛ ባትሪ ዘጋብኝ የሚል ነገር እንዳልሰማ። የሆነውን ንገሪኝ።»

«ብነግርሽ ትፈሪያለሽ።»

«ሳትነግሪኝ የማልፈራ መሰለሽ?»

ከዚያ ወዲህ ትነግረኛለች። ሁሉንም። ለሥራ ስትወጣ ትደውላለች፣ ስትቆም ትደውላለች። እኔ የጠየቅኩት ነገር ነው፣ ግን እንዲህ ይከብዳል ብዬ አልነበረም። ባለፈው እሑድ ቤት ልብስ እያጠብኩ ደወለች። «እማ፣ ባምቢስ ጋ አስቁመውኛል፣ መንቀል ረስቼ። አሁን ነቅዬዋለሁ፣ እያዩት ነው። እደውላለሁ» ብላ ዘጋች።

አረፋው እጄ ላይ እንዳለ ቆሜ ቀረሁ። አንዳንዴ ውሸቱ ይሻል ነበር እላለሁ፣ ለሷ አልነግራትም እንጂ። መልሼ ብደውል ስልኳ እጃቸው ላይ ይጮህ ይሆን ብዬ ፈራሁ፣ ስለዚህ አልደወልኩም። መቼ እንደተቀመጥኩ አላስታውስም።

ደወለች። «ለቀቁኝ» አለች።

«የት ነሽ አሁን?»

«አዳራሽ።»

ወዲያው አላመንኳትም። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ጫን አድርጌ ከኋላዋ ያለውን አዳመጥኩ። ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ሰው «ሙሽሮች ገቡ» ይላል።

«ገብተሻል» አልኳት።

«ገብቻለሁ አልኩሽ እኮ እማ።»

«እንግዲያ ግጠሚው» አልኳት።