ከባንኮኒው ማዶ

በአንድ ግንብ ላይ መፈክር ተጽፎ አደረ። በማግስቱ ቀለም የነካው እጅ ሲፈለግ የእኔ ተገኘ። ሥራዬ ለሱቆችና ለምግብ ቤቶች ሰሌዳ መጻፍ ስለነበር ከጥፍሮቼ ሥር ቀለም ጠፍቶ አያውቅም። ከቴዎድሮስ አደባባይ ዝቅ ብሎ ባለ የልብስ ሰፊ ቤት በር ላይ «ልብስ ሰ» ድረስ ጽፌ፣ መሰላሉ ላይ እንደቆምኩ ነው የወሰዱኝ። ባለቤቱ «እባካችሁ፣ አንዲት ፊደል ብቻ ናት የቀረችው፤ ይጨርስልኝ» ብሎ ለመናቸው። አልሰሙትም። ቀበሌው በር እስክንደርስ ድረስ ያስጨነቀኝ ያቺ የቀረችው ፊደል ነበረች።

ያስገቡኝ ክፍል በጣሊያን ጊዜ የተሠራ የመጠጥ መጋዘን ነበር። ጠባብና ረዥም ነው። በአንዱ ጫፍ የብረት በር፣ በሌላው ጫፍ ከጣሪያው ሥር መዳፍ የምታህል መስኮት አለችው። ወለሉ ለስላሳ ሲሚንቶ ነው። እስረኞቹ በሁለቱ ግድግዳዎች ሥር ፊት ለፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሁሉም እግሩን ሰብሰብ ሲያደርግ በመካከል የሚተርፈው ቦታ አንዲት ትሪ ቢያስቀምጥ ነው።

ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ እንደኛው እስረኛ ነው፤ በውጭ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበር። ቦታዬን አሳየኝና፣

«ቦታ መቀየር ክልክል ነው። ዘበኛው በቀዳዳ ሲያይ ሁሉም ትናንት ባየው ቦታ መገኘት አለበት» አለኝ። ቀጥሎም ወደ ክፍሉ ዞሮ «ተሳፋሪ! ወደ ውስጥ ጠጋ፣ ጠጋ!» ሲል ሁሉም ሳቀ። እስር ቤት ውስጥ ሳቅ ይኖራል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር።

ከፊት ለፊቴ አንድ ሽማግሌ ቀኝ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው አይታጠፍም። ኮታቸው አሮጌ ነው፤ ግን አንድም ቁልፍ አልጎደለውም። ጥቂት ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ምን ይሸትሃል?» አሉኝ።

የሚሸተኝን በአፍ ለመናገር አፈርኩ።

«እሱን አይደለም፤ እሱን ትለምደዋለህ። ከሥሩ ያለውን ነው የምልህ።»

ደግሜ አሸተትኩ። እርጥብ እንጨትና ኮምጣጤ የመሰለ ነገር አገኘሁ።

«የወይን በርሜል ነው» አሉ። «በጎረምሳነቴ ከዚህ ቤት ስንቱን በርሜል አንከባልዬ አውጥቻለሁ። አሁን ተራው የነሱ ሆነና እኔን አንከባለው አስገቡኝ።»

ሽማግሌው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ ያለች የአንዲት ትንሽ ቡና ቤት ባለቤት ነበሩ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ባንኮኒ ኋላ ቆመው ነው። ያሳሰራቸው ምላሳቸው ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መዝጋቢዎች ቡና ቤታቸው ድረስ መጥተው «ለምን አይማሩም?» ብለው ቢጠይቋቸው፣ «ፊደል ለሚረሳ ሰው ነው። እኔ የሰፈሩን ሰው ሁሉ፣ ማን ምን እንደሚጠጣና ምን ያህል ስኳር እንደሚወድ፣ ከነአባቱ አውቃለሁ» አሉ። ጠጪው ሳቀ። መዝጋቢዎቹ አልሳቁም። ነገሩ ዘመቻውን ማናናቅ ተባለና የቀበሌው ሹም «ማንበብ እስኪችሉ ከዚህ አይወጡም» ብሎ ፈረደባቸው።

ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ክፍላችን ውስጥ ወረቀትም እርሳስም ክልክል ነው፤ ሰብሰብ ብሎ ማውራትም ክልክል ነው። እንግዲህ ጋሼ ባለመማር የታሰሩ፣ በመታሰር ደግሞ መማር የማይችሉ ሰው ሆኑ።

«ይሁን፣ ለራሴ ግድ የለኝም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሴት ልጃቸው ከቤት ያመጣችላቸውን የጾም ፍትፍት ወደ እኔ እየገፉ። «ይቺ ሽሮ የላከችው ልጅ ለዳግም ትንሣኤ ትዳራለች። ከቤት ስትወጣ የማንን ጉልበት ስማ ልትወጣ ነው? አየኸው ይኼን ጉልበት? ለመሄድ አይሆን፣ ለመቀመጥ አይሆን። ለዚያች ቀን ብቻ ነው ያስቀመጥኩት።»

የመሠረተ ትምህርት ፈተናው በሆሣዕና ሰሞን ነው። ያኔ ካለፉ ይወጣሉ። ከወደቁ የሚቀጥለው ከክረምት በኋላ ነው።

እኔ ማንንም አስተምሬ አላውቅም። እኔንም ያስተማረኝ የለም። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር የተወለድኩበት ቤት ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ነበር፤ ተኝቼ ከሱ ላይ ነው ፊደል የለየሁት። ብቻዬን ስለተማርኩ መምህር ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ቢሆንም ጣቴን ቆርቆሮ ኩባያዬ ውስጥ ነከርኩና በመካከላችን ባለችው ሲሚንቶ ላይ ለሰሌዳ በምጠነቀቀው ልክ ተጠንቅቄ «ሀ»ን ጻፍኩ።

ጋሼ አጎንብሰው አዩ። ሳይደርቅ በፊት እሳቸውም ጣታቸውን ነክረው ከጎኑ ደገሙት። በእጃቸው ተገረምኩ። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ጣት እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ያወጣል ብዬ አላሰብኩም። ወዲያው ሁለቱም ፊደሎች ደረቁና ወለሉ እንደነበረው ሆነ። ዘበኛው ቢመጣ የሚይዘው ነገር የለም።

«ይቺ ድልድይዋ ናት» አሉ። «ራስ መኮንን ድልድይ።»

ለእኔ «ሀ» ምንጊዜም ዋንጫ ነው የሚመስለኝ። ግን ሁሉም እንደ ዓይኑ ነው ብዬ ተውኩት። «በ» ላይ ስንደርስ ደግሞ «ይቺማ ብርጭቆ ናት፤ አውቃታለሁ» አሉ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ፊደሉን ሁሉ ሰፈራቸው ውስጥ አሰፈሩት። አንዱ ሚስቱን ሲፈራ አንገቱን የሚደፋ ደንበኛ ሆነ፤ አንዷ ወገቧን ይዛ የምትጣላ ጎረቤት ሆነች። ልጅ ፊደል ስታሳየው «ቀጥሎስ?» ይላል። ጋሼ ግን እያንዳንዱን ፊደል እንደ እንግዳ ተቀብለው፣ ወንበር ሰጥተው፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ጠይቀው ነው ወደሚቀጥለው የሚሄዱት። አንዴ ያስቀመጡትን አልረሱም።

ካቦ መጀመሪያ ተቆጣ። ቀጥሎ አየ። በመጨረሻ የዘበኛው ኮቴ ሲሰማ «ትኬት! ትኬት!» እያለ የሚያስጠነቅቀን እሱ ሆነ።

አንድ ጠዋት ከመስኮቷ የገባችው ፀሐይ ወለሉ ላይ ስትደርስ ሁለት ቃል ጻፍኩላቸው። ለብዙ ቤቶች ስለጻፍኩት እጄ በራሱ ነው የሚሄደው። ጋሼ ጣታቸውን አየር ላይ ይዘው አንድ በአንድ ተከተሉት።

«ቡ... ና። ቡና። ቤ... ት።»

ውሃው ደረቀ።

«እንግዲህ በሬ ላይ የተጻፈው ይኼ ነዋ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ዕድሜዬን ሙሉ ከሥሩ ስገባ ስወጣ። እኔ ጌጥ ነበር የሚመስለኝ።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ከዚያ ኩባያውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «ድገመው፣ የኔታ» አሉ።

እስከዚያች ቀን «አንተ ልጅ» ነበር የሚሉኝ። «የኔታ» ያሉኝ ለቀልድ መስሎኝ ቀና ብዬ አየኋቸው። ቀልድ አልነበረም። ደገምኩላቸው። የተከሰስኩበት ነገር፣ ነገ የሚጠብቀኝ ምርመራ፣ ሁሉም ለዚያን ጊዜ ከሐሳቤ ወጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ጠዋት ሲነጋ ደስ እያለኝ መንቃት ጀመርኩ። ይህንን በውጭ ለሰው ስናገር አያምነኝም።

ፈተናው የተደረገው ፀሐይ ስንሞቅ ነው። እኛ ግቢው ውስጥ ከግድግዳው ሥር ተደርድረናል። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ወጥቶ ከኋላው የቀበሌው ሹምና አንዲት ወጣት አስተማሪ ተቀምጠዋል። ጋሼ ኮታቸውን እስከ ላይ ቆልፈው፣ እያነከሱ ሄዱና ከጠረጴዛው ወዲህ ተቀመጡ። አስተማሪዋ የንባብ መጽሐፉን ከፍታ በአክብሮት ሰጠቻቸው።

ጋሼ አዩት። አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ያንብቡ፣ አባት» አለች።

ማታ ያጠኑት ሁሉ ከራሳቸው የጠፋ መሰለኝ።

«ነግሬሽ ነበር» አለ ሹሙ። «ምላስ ብቻ ነው ያለው።»

«ድልድዩ ብርጭቆ ሆነብኝ» አሉ ጋሼ፣ ለራሳቸው። ከዚያ አንገታቸውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ዘንበል አደረጉ። «ቆይ፣ ቆይ» አሉና መጽሐፉን ከላይ ወደ ታች ገለበጡት። ፊታቸው በራ። ጣታቸውን ከገጹ በስተቀኝ ጀምረው ወደ ግራ እየጎተቱ፣ ባንኮኒ ኋላ ሆነው ትእዛዝ በሚጠሩበት ድምፅ አነበቡ፦

«ንጹሕ ውሃ... ለጤና... ይጠቅማል!»

ያኔ ገባኝ። ቦታ መቀየር ክልክል ስለሆነ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነበርን። እኔ ወደ ራሴ አዙሬ የጻፍኩትን እሳቸው ከማዶ፣ የተገለበጠውን ተማሩ። ሲጽፉም ያዩትን ስለሚደግሙ ከእኔ በኩል ቀጥ ብሎ ይታየኛል፤ የእጃቸውን ጥራት ነበር የማደንቀው።

ሹሙ ግን ብድግ አለ። «በዘመቻው ላይ ታሾፋለህ? መጽሐፍ ገልብጠህ!»

ካቦ ዓይኑን ጨፈነ። በዚያን ጊዜ ማሾፍ ትንሽ ወንጀል አልነበረም።

አስተማሪዋ መጽሐፉን ቀስ ብላ ወሰደች። አይተውት የማያውቁትን ሌላ ገጽ ገለጠችና ገልብጣ ሰጠቻቸው። አነበቡ። ሦስተኛ ገጽ ሰጠቻቸው። ያንንም አነበቡ።

«አባት፣ እንዴት ነው እንዲህ የተማሩት?»

«ልጄ፣ እኔ ባንኮኒ ኋላ የኖርኩ ሰው ነኝ» አሉ። «ሲኒ ሳቀርብ እጀታውን ወደ እንግዳው አዙሬ ነው፤ እኔ ሁሉንም ነገር የማየው ከጀርባው ነው። መምህሬ ከባንኮኒው ማዶ ነበር። ወደ እሱ የዞረውን ተማርኩ።»

«መምህሬ?» አለ ሹሙ። «ማነው መምህርህ?»

«ሲሚንቶው ነው» አሉ ጋሼ፣ ዓይናቸውን ሳይሰብሩ።

እኔ ዝምተኛ ሰው ነኝ። እግሬ ግን ተነሣ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

ሹሙ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። «እና ለምንድነው ገልብጠህ ያስተማርካቸው?»

«ቦታ መቀየር ክልክል ስለሆነ ነው።»

አስተማሪዋ መጽሐፉን ወደ ፊቷ አስጠጋች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ድምፅዋን ካስተካከለች በኋላ «መመሪያው ማንበብ መቻላቸውን አረጋግጡ ነው የሚለው፤ በየት በኩል አይልም። አልፈዋል» አለች። ሹሙ ለመቆጣትም ለመሳቅም ሳይወስን ቆየና «ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እስከ ማታ የሚጠራኝ መስሎኝ ጠበቅሁ፤ አልጠራኝም።

የመፈቻ ወረቀቱ ሲመጣ ሹሙ በልማድ የቀለም መርገጫውን ለአውራ ጣት አቀረበ። ጋሼ በአንድ ጣት፣ ያልታዘዘ መጠጥ እንደሚመልስ ሰው፣ ወደ እሱ መልሰው ገፉት።

«እስክሪብቶ ይስጡኝ።»

ከነሙሉ ስማቸው ከነአባታቸው ጻፉ፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ሳይቸኩሉ። ሹሙ ወረቀቱን ሳያዞር ካለበት ሆኖ አነበበው። «ለእርስዎ እንዲመች ነው» አሉት ጋሼ።

ሊወጡ ሲሉ ወደ ሰልፋችን መጡና ፊቴ ቆሙ። የቄስ ተማሪ ለመምህሩ እንደሚያደርገው ጉልበቴን ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ዘልዬ ያዝኳቸው።

«ኧረ ጋሼ፣ ይተዉ! ጉልበትዎን ለልጅዎ ያቆዩት።»

«የኔን ነው የማቆየው። ያንተን ግን ማን ይስመዋል?» አሉና በመዳፋቸው ጉልበቴን ነክተው መዳፋቸውን ሳሙ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሙሽራዋ ራሷ ዘበኛው ለፍተሻ በእንጨት የወጋጋውን ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ለዘበኛው የተናገረችውን ካቦ በበሩ ሰምቶ ነገረኝ፦ «አባቴ ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ አሳሙኝ። አንዱ የመምህሬ ነው ብለውኛል።» ዳቦው ለክፍሉ ሁሉ ተዳረሰ። በማግስቱ ሌላ ሽማግሌ ኩባያቸውን ይዘው ወደ እኔ ሲያዩ ካቦ ሕጉን አሻሻለው፦ «ተሳፋሪ፣ የሚማር ከአስተማሪው ጎን!»

የመፈክሩ ክስ ማስረጃ ጠፍቶለት ስፈታ መጀመሪያ የሄድኩት ልብስ ሰፊው ጋ ነው። «ልብስ ሰ» እንደቆመ ጠበቀኝ። ጨረስኩለት።

አሁን ማታ ማታ ከሥራ መልስ ለጎልማሶች አስተምራለሁ። የማስተምረው ከጎናቸው ተቀምጬ ነው። አንድ ሰው የመጀመሪያ ቃሉን ሲያነብ ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር ለማየት ብዬ እንደምመጣ ግን አልነግራቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ጋ እሄዳለሁ። ቀጥ ያለውን መጽሐፍም ዛሬ ያነባሉ፤ ግን የሚወዱት የጥንቱን ነው። ደንበኛ ጋዜጣ ይዞ ከመጣ ከባንኮኒው ማዶ አብረውት ያነባሉ፤ ብዙውን ጊዜ ይቀድሙታል። «ግለጠው እንጂ፣ እኔ ጨርሻለሁ» ሲሉት ስንቱ ሰው ደንግጧል። ማኪያቶዬን እጀታውን ወደ እኔ አዙረው ያስቀምጡልኛል። እኔም ጋዜጣዬን ባንኮኒው ላይ እዘረጋለሁ። ገጽ ከመግለጤ በፊት ቀና ብዬ አያቸዋለሁ፤ ራሳቸውን ሲነቀንቁልኝ እገልጣለሁ።