የአያ ታገለ ቀኝ እጅ

ትናንት ደባርቅ መናኸሪያ አንድ ወጣት መሰንቆ ሲቃኝ ሰማሁና አዝማሪው አያ ታገለ ትዝ አሉኝ።

ልጅ ሳለሁ ወደ አምባራስ መንደር ሲወጡ ከበቅሎ ወድቀው የግራ እጃቸውን ተሰበሩ። የመሰንቆውን ጭራ የሚጫኑባቸው ጣቶች አልታጠፍ ስላሉ ሰው ሁሉ «አበቃላቸው» አለ። እሳቸው ግን ለእህቴ ሠርግ የመሰንቆውን መምቻ ደጋን በተጎዳው እጃቸው ላይ በጨርቅ አስረው መጡ፤ ጭራውን በቀኝ ጣቶቻቸው ሊጫኑ።

ሲጀምሩ መሰንቆው አቃሰተ፤ እንግዳው አንገቱን ደፋ። አባቴ ቀረብ ብሎ፣ «አያ ታገለ፣ ይረፉ እንጂ» አላቸው።

«መሰንቆ እንደ ሕፃን ነው፤ ከለመደው እጅ ሲወስዱት ያለቅሳል» አሉት።

ነገሩ አልገባኝም። እሳቸው ግን አላቆሙም። ቀስ በቀስ ዜማው ጠራ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ አባቴም እስክስታ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የደባርቅንና የዳባትን ሠርግ ሲያደምቁ ኖሩ፤ የእኔንም።

ዛሬ ግን ከዚያ ሁሉ ሠርግ ይልቅ የሚደንቀኝ፣ ያን ቀን መሰንቋቸው በሰው ፊት እንዲያለቅስ መፍቀዳቸው ነው።