የሪያድ መግሪብ

እህቴ ከምትሠራበት ከሪያድ የላከችው የአዛን ሰዓት ከሚሴ ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በረመዳን የመጀመሪያ ቀን ለመግሪብ አዛን ሲል አባቴ ቢስሚላህ ብሎ ቴምር ጎረሰ። ፀሐይዋ ግን ገና አልጠለቀችም ነበር። ሰዓቱ የተሞላው በሪያድ ስለሆነ ከኛ መስጊድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀድማል። አባቴ ቴምሩን ተፋና እኔ ላይ አፈጠጠ። የተማርኩት እኔ ነኛ።

ወንበር ላይ ወጥቼ ቁልፎቹን ነካካሁ። የሚመጣው ጽሑፍ ሁሉ ዓረብኛ ነው። ቁርኣን ስለቀራሁ ፊደሉን አነባለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አላውቅም፤ ይህም አናደደኝ። እንደ ምንም የከተሞቹን ዝርዝር አገኘሁ። ከሚሴ የለችም። በአዲስ አበባ ልሞላው ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ዲሲ፣ ተወው ልጄ» አለች ኦሮምኛና አማርኛ ቀላቅላ።

እህቴ ስልክ ካነሳች ወራት አልፈዋል። የአሠሪዎቿን ቁጥር አናውቅም፤ የምንጠይቀውም ሰው የለንም። ስለዚህ ከወንበሩ ወረድኩ።

ወሩን ሙሉ ሰዓቱ ለመግሪብ አዛን ባለ ቁጥር እናቴ ሥራዋን አቁማ ወደ ግድግዳው ትዞርና «ልጄ ይኼኔ አፈጠረች» ትል ነበር።

አባቴም ቴምሩን በእጁ እንደያዘ «ኢንሻአላህ» ይላል።