በአዴ ዲንቄ ጉሮሮ የተላከከው ጠቅታ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሲቆይ የሰው ቁጣ ይበርዳል ይላሉ። የእኔ አልበረደም። በየቀኑ ነገሩ በሆነበት ስቱዲዮ በር ስለማልፍ እንደ አዲስ ይነሳብኛል። ለማንም በአፌ አውርቼው አላውቅምና ጽፌ ላውጣው።

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው የለም። የተበላሸ ዕቃ እየፈታሁ፣ ቪዲዮ እያየሁ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ ነው የለመድኩት። ወሬ አይሆንልኝም። ደንበኞቼ «ይሄ ልጅ ከሰው ይልቅ ከማዘርቦርድ ጋር ይግባባል» እያሉ ይስቁብኛል። እውነታቸውን ነው።

ከሱቄ ትንሽ ከፍ ብሎ ገመቹ የሚባል ሰው ስቱዲዮ አለው። መዘምራንና የሠርግ ዘፋኞችን ይቀርጻል። ኪቦርድ ሲጫወት ጎበዝ ነው፤ ይህን አልክደውም። መበለጥ ግን አይችልም። ሌላ ሰው ያለውን ነገር ሲሰማ እንቅልፍ አይወስደውም።

አንድ ቀን የስቱዲዮውን ኮምፒውተር ተሸክሞ መጣ። ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራርብበት ይንቀራፈፋል። አዲስ መግዛት አልቻለም። «ኦቨርክሎክ አድርግልኝ» አለኝ፤ ፍጥነቱን ከፋብሪካው ልክ በላይ ጨምርልኝ ማለቱ ነው።

የእሱ ፕሮሰሰር ማባዣው፣ ማለትም መነሻ ምቱ ስንት ጊዜ እንደሚባዛ የሚወስነው ቁጥር፣ ከፋብሪካ የተቆለፈ ነው። ስለዚህ ፍጥነት ለመጨመር ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ቤዝ ክሎክ የሚባለውን መነሻ ምት ከፍ ማድረግ። የተለመደው ልኩ መቶ ነው። ችግሩ ይህ ምት የፕሮሰሰሩ ብቻ አለመሆኑ ነው። በዚያ ቦርድ ላይ ሚሞሪውም፣ ሃርድ ዲስኩም፣ የድምፅ ካርዱም የሚራመዱት በእሱ ነው። አንድ ሞተር በአንድ ዘንግ ሦስት ወፍጮ ሲያዞር አስቡት። አንዱ ቶሎ እንዲፈጭ ብላችሁ ሞተሩን ብታፈጥኑት ሌሎቹም አብረው ይፈጥናሉ። ያልቻለው ይበላሻል።

በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረግሁ ሞከርኩት። መቶ ሁለት ላይ ደህና ነበር። መቶ ሦስት ላይም ላየው ሰው ደህና ነው፤ ጌም ብትከፍቱበት፣ ቪዲዮ ብታዩበት ምንም አይልም። ነገር ግን ማይክ ሰክቼ ማንም ሳይናገር ስቀርጽበት፣ በጸጥታው መሃል ጠቅ የሚል ድምፅ ገባ። ቆየት ብሎ ሌላ።

መጀመሪያ ማይኩን ጠረጠርኩ፤ ቀየርኩት። ገመዱን ቀየርኩ። ሙቀቱን አየሁ፤ ልክ ነው። የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ ትንሽ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። የድምፅ ካርዱን ነቅዬ ሌላ ማስገቢያ ላይ ሰካሁት፤ ያው ነው። ቤዝ ክሎኩን ወደ መቶ ሁለት ስመልሰው ጠቅታው ጠፋ። መቶ አምስት ላይ ደግሞ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ተሰወረና ኮምፒውተሩ አልነሳ አለኝ። ገባኝ። ፕሮሰሰሩ ገና መሄድ ይችላል፤ የማይችለው የድምፅ ካርዱ ነው። መቶ ሁለት ላይ አቆምኩት።

ገመቹ ሲመጣ ነገርኩት።

«ሁለት ብቻ?» አለ። «ለሁለት ነው ቀኑን ሙሉ ያስጠበቅከኝ?»

«ከዚያ በላይ ድምፁ ይበላሻል።»

«ጊምቢ ስቱዲዮ ያለው ልጅ እኮ አምስት ጨምሮ ነው የሚሠራው።»

«የእሱ ቦርድ ሌላ ነው።»

«አሃ፣ የነቀምቴ ኮምፒውተር ከጊምቢ ያንሳል በለኛ!»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ግን ኮስተር ብዬ «ከመቶ ሁለት እንዳታሳልፈው። ስትቀርጽ ጠቅ ጠቅ ይልብሃል» አልኩት። ራሱን ነቀነቀና ይዞ ሄደ።

ሳምንታት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ። «ቶሎ ና፣ ማሽኑ ቀጥ ብሏል። ሰው እየቀረጽኩ ነው» አለ።

ስደርስ ስቱዲዮው ውስጥ አንዲት ትልቅ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አዴ ዲንቄ ይባላሉ፤ አዴ በእኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። የመጡት ከአርጆ ነው። አንገታቸው ላይ እንቅርት አለ። በሻርፕ ሸፍነውታል፤ ግን ትልቅ ስለሆነ የሚሸፈን አይደለም። አጠገባቸው ልጃቸው ሌንሴ ቆማለች። «አሸማ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። ሰላምታዬን ሲመልሱልኝ ድምፃቸው በሹክሹክታ ነው የወጣው። እዚያ ቤት ያወራነው ሁሉ በኦሮምኛ ነበር፤ እዚህ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ እያስነሳሁ ሳለ ሌንሴ የመጡበትን ጉዳይ ነገረችኝ። እናቷ በወጣትነታቸው የደረሷቸው መዝሙሮች አሉ። በአርጆ አካባቢ ያሉ መዘምራን ሁሉ ይዘምሯቸዋል፤ በራሳቸው ድምፅ ግን አንድም ቀን አልተቀረጹም። አሁን እንቅርቱ የመተንፈሻ ቧንቧቸውን ስለተጫነው አዲስ አበባ ሄደው በቀዶ ሕክምና እንዲወጣላቸው ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ሐኪሙ የድምፅ ነርቭ በዚያ በኩል ስለሚያልፍ ድምፃቸው ሊቀየር እንደሚችል አስቀድሞ ነግሯቸዋል። ስለዚህ ድምፃቸውን አስቀርጸው ሊሄዱ ነው የመጡት። መኪናቸው የሚነሳው በማግስቱ ጠዋት ነው።

«ትናንት ነው የጀመርነው» አለች። «እስካሁን አንድ መዝሙር እንኳን አላለቀም።»

«ለምን?»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሃርሜ ጉሮሮ ጠቅ ጠቅ ይላል።» የእናቴ ማለቷ ነው።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ሴቲንጉን ከፍቼ አየሁት። ቤዝ ክሎኩ መቶ አራት ላይ ነው።

«ገመቹ፣ ማን ነው ይሄን የነካው?»

«እኔ ነኛ! ዕቃው የኔ አይደል?»

«አልነገርኩህም?»

«አምስት እምቢ ሲለኝ አራት ላይ ተውኩት፤ እብድ አይደለሁም። ሲሠራ ነው የሰነበተው።»

«ጠቅታው የመጣው ከዚህ ነው።»

«ኧረ ተው! ባለፈው ሳምንት የወጣቶቹን ኳየር ቀርጬበታለሁ፤ ማን ጠቅ አለ?»

ወጣቶቹ በድራምና በጊታር ነው የዘመሩት። በዚያ ጩኸት መሃል ጠቅታ ማን ይሰማል? አዴ ዲንቄ የሚዘምሩት ግን ያለ ምንም መሣሪያ፣ ብቻቸውን ነው። ይህን ላስረዳው አፌን ስከፍት አቋረጠኝ።

«የእሳቸው ጉሮሮ ነው። ዓይን የለህም?» አለና በአገጩ ወደ አንገታቸው አመለከተ።

በፊታቸው ነው ይህን ያለው። አዴ ዲንቄ ሻርፓቸውን ወደ ላይ ሳቡት። «እውነቱን ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ስዘምር ለራሴ አይሰማኝም ነበር። ካሴቱ ላይ ነው የሰማሁት። በሽታው ድምፄ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።»

ከትናንት ጀምሮ ምን ሲሆን እንደዋለ ቀስ በቀስ ሰማሁ። ጠቅ ሲል ገመቹ ያቆማቸዋል። እሳቸው የፈላ ዝንጅብል ጠጥተው እንደገና ይጀምራሉ። እንደገና ጠቅ ይላል። አንገታቸውን በእጃቸው ደግፈው ሞከሩ፤ ቆመው ሞከሩ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ሞከሩ። ያቺኑ አንዲት መዝሙር ሁለት ቀን ሙሉ ሲደጋግሙ የቀረቻቸውን ድምፅ ጨረሷት።

የባሰው ደግሞ ይሄ ነው። በመጀመሪያው ቀን ድምፃቸው ገና ሳይደክም የተቀረጸ ቅጂ ነበር። ጠቅታ ቢኖርበትም አንድ በአንድ እየለቀምኩ ላጠፋላቸው እችል ነበር። እሳቸው ግን «እንዲህ ሆኜ ልቅር? አጥፉልኝ» አሉ። ገመቹም አጠፋው። በላዩ ላይ ሌላ ቀረጸበት።

እኔ ቶሎ የምቆጣ ሰው አይደለሁም። ያን ጊዜ ግን ጆሮዬ ሲግል ተሰማኝ።

ማንም ወደ ማይኩ ክፍል እንዳይገባ አልኩና በሩን ዘጋሁት። ቤዝ ክሎኩን ሳልነካ ባዶውን ክፍል ቀረጽኩ። ገመቹ «ጊዜ አትግደል፣ ደጅ ሌሎች መዘምራን እየጠበቁኝ ነው» እያለ ይቆማል፣ ይቀመጣል። ስጨርስ ሄድፎኑን ለአዴ ዲንቄ ሰጠኋቸው።

«ምን ይሰማዎታል?»

አዳመጡ። ፊታቸው ጠቆረ። «ያው የኔው ጠቅታ ነው።»

«የእርስዎ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም።»

«ማሎ፣ ድገምልኝ» አሉ፤ እባክህ ማለታቸው ነው። ደገምኩላቸው። ሁለት እጃቸውን ሄድፎኑ ላይ ጭነው እስከ መጨረሻው ሰሙት። ከዚያ አውልቀው ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ወደ ገመቹ ዞሩ።

«ገመቹ፣ ይሄ ክፍልህም እንቅርት አለበት እንዴ?»

ሌንሴ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ገመቹ ራሱን አከከ። «እንግዲህ፣ ትንሽ ከማሽኑም ሊሆን ይችላል» አለ።

ትንሽ ከማሽኑም! ይቅርታ ይጠይቃል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢያንስ አንገቱን ይደፋል ብዬ ነበር።

ቤዝ ክሎኩን መቶ ላይ መለስኩት። መቶ ሁለት እንኳን አልፈለግሁም። ባዶውን ክፍል እንደገና ቀረጽኩ፤ ጥርት ያለ ነው። የተደመሰሰውን የመጀመሪያ ቀን ቅጂ ላወጣው ሞከርኩ፤ የተቆራረጠ ቃል እንጂ አንድ ስንኝ ሙሉ አላገኘሁም። ከዚያ አዴ ዲንቄ ገብተው ማይኩ ፊት ቆሙ።

የመጀመሪያው ስንኝ ወጣ። ሻካራ ነው፤ ግን ወጣ። መዝሙሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ላይ ሲደርሱ አፋቸው ተከፍቶ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ውሃ ጠጥተው ደገሙት። ያው ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክሩ ሌንሴ በሩን ከፍታ ገባች። «ይበቃዎታል፣ ሃርሜ» አለቻቸው። እሳቸውም አልተከራከሩም። ቦርሳቸውን አነሱ።

«አይዞዎት፣ አዴ» አለ ገመቹ። «ሲመለሱ በነፃ እቀርጽልዎታለሁ።»

«ሲመለሱ በየትኛው ድምፅ?» አልኩት።

ጮኼ ነበር። ደጅ ሲያወሩ የነበሩት መዘምራን ዝም አሉ። እኔ ስጮህ ሰምተውኝ አያውቁም፤ እኔም ራሴን ሰምቼው አላውቅም።

«ምን ሆነሃል? በሰው ፊት?» አለኝ ገመቹ።

በሰው ፊት! እሱ አንገታቸውን በአገጩ ሲያሳየኝ እሳቸው ሰው አልነበሩም?

አዴ ዲንቄ በማግስቱ ሄዱ። ቀዶ ሕክምናው ተሳካ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። የማላውቀው፣ ወፍራምና ነፋስ የበዛበት ድምፅ ስሜን ጠራ። «ማን ልበል?» አልኩ።

«ዲንቄ ነኝ፣ የአርጆዋ» አሉኝ።

ደስ ብሏቸው ነበር። «አሁን ሌሊት ተኝቼ አድራለሁ፣ ዋቀዮ ይመስገን። ትንፋሼ ተመልሷል» አሉ። መዝሙሩንስ ብዬ አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው አነሱት፤ ድምፃቸው ለመናገር እንጂ ለመዘመር እንደማይሆን ሐኪሙ ነግሯቸዋል። ያቺን የተረፈችውን አንድ ስንኝ በሌንሴ ስልክ እንድልክላቸው ለመኑኝ። ላክሁላቸው። በመጨረሻም «ገመቹን አትቀየመው፤ ልጅ ነው» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ዋሽቻቸዋለሁ።

የተቀየምኩት ስለተሳሳተ አይደለም። ማሽን ማንንም ያሳስታል። እኔም የጠቅታውን ምንጭ ያገኘሁት ማይኩን፣ ገመዱንና ሙቀቱን በከንቱ ከጠረጠርኩ በኋላ ነው። እሱ ግን አንድ ገመድ እንኳን አልነቀለም። የሰው አንገት አየና ፈረደ። ፍርዱንም እሳቸው ራሳቸው እንዲያምኑት አደረገ። ያ ነው የማይወጣልኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ፣ በገዛ ድምፃቸው የመጨረሻ ቀናት፣ አዴ ዲንቄ በራሳቸው ጉሮሮ ሲያፍሩ ዋሉ።

ኋላ ሰው ሲጠይቀው «የዚያን ቀን መብራት አስቸግሮን ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

አሁንም ጠዋት ጠዋት ስቱዲዮውን ሲከፍት ያየኛል። እንደ ማንኛውም ጎረቤት እጁን አንስቶ «አሸማ!» ይለኛል። በእኛ አገር ሰላምታ መንሳት ነውር ነው፤ ስለዚህ እመልስለታለሁ። እግሬ ግን ቆሞለት አያውቅም።