ኮሶ በጠጣሁ ቀን የዋጥኳት ፍሬ

ትናንት ጠዋት ኮሶ ጠጣሁ። ይሄ እንኳ ወሬ አይሆንም፤ በየሁለት ወሩ የማይጠጣ ማን አለ? ወሬው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው... ምግብ ቀርቦላችሁ ከሆነ መጀመሪያ ብሉና ኋላ ስሙኝ።

ለአንድ ፈረንጅ አስተርጓሚ ሆኜ መዞር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆኖኛል። ሙሴ እለዋለሁ። ሥራው ቅጠል መልቀም ነው። እንደ ሌሎቹ ፈረንጆች ወርቅ አይፈልግ፣ ዝሆን አያድን... የለቀመውን ወረቀት መሃል ያስተኛና ድንጋይ ይጭንበታል። እኔ የተከተልኩት ለፍቅሩ አይደለም። ሥራው ሲያልቅ አዲስ አበባ ላለው ለአገሩ መንግሥት ወኪል ቤት፣ ለለጋሲዮኑ፣ የምስክር ደብዳቤ እጽፍልሃለሁ ስላለኝ ነው። በዚያ ደብዳቤ ቋሚ ሥራ እገባለሁ።

ከሻሸመኔ ወዲያ፣ ጫካ ውስጥ፣ ውሃ ከሚንጠባጠብበት ገደል ሥር አንዲት ተክል አገኘ። ቅጠሏ ወደ አንድ ጎን የተንጋደደ፣ ግንዷ የቀላ። ሙሴ ጭቃው ላይ ተንበርክኮ ጮኸ።

«ቤጎንያ ናት! ይህቺ ዓይነቷ በኢትዮጵያ ተመዝግባ አታውቅም!»

ወረቀት መሃል የተጫኑት ግን አልደረቁም። ግንዳቸው ውሃ ብቻ ስለሆነ በስብሰው ንፍጥ መሰሉ፣ ኋላም ተሉ። ያን ግማት እስከ ቡልቡላ በበቅሎ ተሸክሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ቅጠልና አበባ እንደምንም ተረፈለት፤ ፍሬ የያዘች ግን አንዲት ብቻ ቀረች። እሷን ከነሕይወቷ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ቅርጫት ውስጥ አኖራት። ፍሬዋ ሦስት ክንፍ ያላት፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ናት። ያለ እሷ ማንነቷ አይረጋገጥም፣ መዝገብም አትገባም አለኝ።

አዳማ ስንደርስ አዴ ጫልቱ ቤት አረፍን። ከአርሲ በኩል የመጡ ባልቴት ናቸው፤ ጣቢያው አጠገብ ለመንገደኛ ክፍል ያከራያሉ። ባቡሩ በማግስቱ ስለሆነ ሙሴ ሣጥኖቹን ሊያስመዘግብ ወደ ጣቢያ ሄደ። እኔም እፎይ ብዬ ኮሶዬን ጨለጥኩ።

ጌታ ሆይ! ወዲያው ወደ ላይ ተናነቀኝ። ከወጣ ልፋቴ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ሌላ ዋንጫ መድገም ነው። ዓይኔን ጨፍኜ፣ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ።

«አይዞህ ልጄ፣ ይሄን አኝክ» አሉኝ አዴ ጫልቱ።

አንድ የሚኮመጥጥ ነገር አፌ ገባ። ደስ ሲል! ምሬቱ ጥፍት አለ። ጫፉን ደግሞ ጠቅለል አድርገው አጎረሱኝ።

«አታላምጠው፤ ዝም ብለህ ዋጥ።»

የእናት ጉርሻ አይመለስም... ዋጥኩት።

ሙሴ ከጣቢያ ተመልሶ ቅርጫቱን ከፈተ። ጨርቁ ባዶ ነበር።

«የት ሄደች?» አለ፤ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ።

ለአዴ ጫልቱ ተረጎምኩላቸው። እሳቸው ምንም አልደነገጡም።

«ያቺ ኮምጣጣዋ? ለኮሶህ ይዘሃት የመጣህ መስሎኝ አበላሁህ እኮ! እኛ አገር ውሃ ስንቀዳ እየቀነጠስን የምናኝካት ናት። አቦ፣ ሰውየው ለቅጠል ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ይሄን መልሼ ለሙሴ መንገር ነበረብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ቃል የለም። ሙሴ ወለሉ ላይ ዘጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም ደብዳቤዬ ታየኝ... ሆዴ ውስጥ። ድንገት ቀና አለ።

«ፍሬዋን አላምጠሃታል?»

«አላላመጥኳትም። እንዳለች ዋጥኳት።»

«ኮሶው ደግሞ... ሁሉንም ጠርጎ ያወጣል፣ አይደል?»

ያን ጊዜ የገባኝ ነገር ባይገባኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ከሰዓት በኋላ ኮሶው ሥራውን ጀመረ። ኮሶ የጠጣ ሰው ጓሮ ሲወጣ ትሉ ከነራሱ መውረዱን ዞር ብሎ ያያል፤ ይሄ ያለና የነበረ ነው። ፈረንጅ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ወረንጦ ይዞ፣ ቁልቋሉ ሥር ተንበርክኮ ሲያይላችሁስ? ጨርሻለሁ ስለው አመሰገነኝ እኮ! ውሃ ያፈስበታል፣ ያጠልላል፣ አፍንጫው እስኪነካ አጎንብሶ ይመረምራል። ትሉን ሳይቀር ገልብጦ አየው። ትፉ! አሁንም ሳወራው ያቅለሸልሸኛል።

የሚያጠልልበትስ በምን ይመስላችኋል?

«ያ ረቢ! ዱቄት የምነፋበት ወንፊት!» ብለው አዴ ጫልቱ ሻሻቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ሮጡ።

በሦስተኛው ዙር «አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። ሦስቱም ክንፎቿ ደህና ናቸው። በደስታ ሊያቅፈኝ መጣ... በዚያ እጁ! ቁልቋሉ ይውጋኝ ብዬ አጥሩ ውስጥ ገባሁ።

ሲመሻሽ ሻይ ቀረበ። በዚያው ወረንጦ ስኳር አንስቶ ብርጭቆዬ ውስጥ ጣለልኝ። አልጠጣሁትም።

ፍሬዋን ወረቀት ላይ አጣብቆ ከሥሯ ጻፈ፤ «ከሻሸመኔ ወዲያ፣ ከእርጥብ ገደል ሥር የተለቀመች።» ዓይኑን እንኳ አላሸም! ከዚያ የእኔን ደብዳቤ እየጻፈ ስለ መምህሩ ያጫውተኝ ጀመር።

«ሽማግሌ ናቸው፤ ይህቺ ስትደርሳቸው ደስታቸውን አይችሉትም። የቤጎንያ ፍሬ ከላክሁላቸው ሁልጊዜ ኮምጣጣነቷን በምላሳቸው ጫፍ ነካ አድርገው...»

እዚህ ላይ ብዕሩ ቆመ። ተያየን። ከዚያ ፊርማውን አኖረና ደብዳቤውን ዘረጋልኝ።

«ይሄን ነገር ለማንም አታንሳ» አለኝ።

ዛሬ ጠዋት ባቡሩ ወደ ጅቡቲ ይዞት ሄደ። እሱ ብቻ አስጠላኝ ብል እዋሻለሁ። ደብዳቤውን ተቀብዬ ኪሴ የከተትኩት እኔ ነኝ፤ ራሴንም ተጸይፌዋለሁ።

ሽማግሌውን ግን... እግዜር ከነምላሳቸው ይጠብቃቸው።