ቄሱ ሲፈጥኑ

ፍኖተ ሰላም ውስጥ ነጋዴ ቢፈጥን ገበያ ረፍዶበት ነው ይባላል። ቄስ ከፈጠነ ግን ሰው ሊሞት ነው። የቄስ ሚስት ነኝና ይህን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ለነፍስ አባት የሚላከው መልእክት ሁልጊዜ ጥድፊያ ነው፣ በሽተኛው ሳይናዘዝ እንዳያመልጥ። ስለዚህ ሰዉ የሚፈጥን ቄስ ካየ ሥራውን ጥሎ "ማን ታመመ?" ይላል። ይህቺ ጥያቄ ባሌን ልታሳጣኝ ነበር።

ባለቤቴ ቄስ ሃይለ ሚካኤል በወጣትነታቸው ቅኔ ፍለጋ ከግሽ ዓባይ አዴት በእግራቸው የተመላለሱ ሰው ናቸው። ከተማ ከገቡ ወዲህ ግን መሬት የሚረግጡት ቤተ መቅደስ ውስጥ ብቻ ሆነ። ከደጃፍ ሲወጡ ጎረቤታችን አንዷለም ባጃጁን ያቆማል። "አባቴ፣ አንቱ በእግር እየሄዱ እኔ ባዶ ልንዳ? ይግቡ እንጂ!" ይላል። ክርስትና ሲሆን፣ ተዝካር ሲሆን ደግሞ "ካልበሉልኝ እቀየማለሁ" የማይል የለም። እንዲህ ሲከበሩ ኖረው ስኳር ያዛቸው። ማክበር እንዲህ ከሆነ ጥንቅር ይበል!

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ "በየቀኑ ይራመዱ፤ ላብ እስኪልዎት፣ ሳይቆሙ" አላቸው። ታላቅ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ እግራቸው ተቆርጦ አልጋ ላይ ነው የሞቱት። ባለቤቴ ፈሩ፤ ሞቱን አይደለም፣ ቆሞ መቀደስ አለመቻሉን። "እግሬ ከሄደ ቅዳሴዬም ሄደ" አሉኝ። ግን ስኳር እንዳለባቸው ለማንም እንዳልናገር ገዘቱኝ። በሽተኛ ሁሉ ጸበል ይርጩኝ ብሎ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው፤ "ታዲያ ለራሳቸውስ?" መባሉን አልቻሉትም።

ከኪዳን ጸሎት በኋላ በቡሬ መንገድ መራመድ ጀመሩ። መራመድ ከተባለ! ገና ከመውጣታቸው አንዱ መስቀል ሊሳለም ያቆማቸዋል፣ ሌላዋ የሚያስል ልጇን ታቀርባለች። መስቀል ፈልጎ የመጣን ሰው አልፎ መሄድ ደግሞ አይሆንላቸውም። ያልተሳለመው "ማን ታመመ፣ አባቴ?" ይላል። "ማንም" ይላሉ። ማንም ካልታመመ ለምን ይፈጥናሉ? ሰዉ አላመናቸውም።

በዚያው መንገድ ዳር የአቶ ይርሳው ቤት አለ። አቶ ይርሳው ከክረምት ጀምሮ አልጋ ይዘዋል። አንድ የገበያ ቀን ባለቤቴ በደጃቸው ሲፈጥኑ ከገጠር የሚመጡ ሴቶች አዩዋቸውና ሸክማቸውን አወረዱ። አንዷ "ውይ፣ ይርሳው!" አለች፤ ሌላዋ ተቀበለቻት። ደረታቸውን እየመቱ ግቢ ገቡ። አቶ ይርሳው የገዛ ለቅሷቸውን አልጋቸው ላይ ሆነው ሰሙ!

ልጃቸው እታለም እኛ ቤት ድረስ መጥታ "በአባቴ ላይ በቁሙ አስለቀሳችሁበት!" ብላ አፋጠጠችን። የሰበካው ሽማግሌዎችም "አባታችን፣ ሕዝቡን አያስደንግጡት፤ አርፈው ይቀመጡ" አሏቸው። ባለቤቴ ይቅርታ ጠይቀው ተቀመጡ። በሽታቸውን ደብቀው ምን ብለው ይከራከሩ? እኔ ግን ንድድ አልኩ፤ በሕዝቡም በእሳቸውም።

አንድ ምሽት እግራቸውን ሳጥብ ክብ ቁስል አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"በቅዳሴ ዕጣን ሳጤስ ከጽናው ፍም ወድቆብኝ ይሆናል" አሉ ቀስ ብለው።

"አላቃጠለዎትም?"

ጎንበስ ብለው ቁስሉን አዩት። ፍም እግራቸው ላይ ወድቆ አልተሰማቸውም። ወንድማቸውንም የጀመራቸው እንዲህ ነበር። እጣቢውን ደጅ ወስጄ ደፋሁና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የንዴት ለቅሶ ነበር።

ቁስሉ እስኪደርቅ ሐኪም ቤት ተመላለስን። ሲደርቅ ሐኪሙ "ድፍን ጫማ ያድርጉና አሁን ይራመዱ" አላቸው። በማግስቱ ጫማቸውን አድርገው ደጃፍ ላይ ቆሙ። "ሰዉ ምን ይለኛል?" አሉ።

"ይከተሉኝ" አልኩና ነጠላዬን አገልድሜ ፊት ፊት ወጣሁ።

አንዷለም እንደ ልማዱ ባጃጁን አቆመ። "አባቴ፣ ይግቡ!"

"ንዳ ወዲያ!" አልኩት። ደንግጦ ነዳ።

አቶ ይርሳው ደጅ ስንደርስ እታለም ከገበያተኞች ጋር ቆማለች። "ዛሬ ደግሞ ማን ታሞ ነው?" አለች። ባለቤቴ አንገታቸውን ደፉ፤ እርምጃቸው ዘገየ፣ ሊቆሙ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ያመቅኩት ገነፈለ።

"እሳቸው ናቸው የታመሙት!" ብዬ ጮህኩ። "ማን ታመመ፣ ማን ታመመ ስትሉ፣ አንድ ቀን 'አንቱስ ደኅና ነዎት?' ያለ አለ? ስኳር ነው! ካልተራመዱ እግራቸው ይቆረጣል! ያን ጊዜ ቆሞ የሚቀድስላችሁ ፈልጉ!"

ሊሳለም የቀረበ አንድ ገበሬ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ዳር ወጣ። እታለም በነጠላዋ አፏን ያዘች። ከቤት ውስጥ አቶ ይርሳው በደከመ ድምፅ "ኧረ አሳልፏቸው!" ሲሉ ተሰማ።

ግዝት ማፍረሴ ትዝ ያለኝ ጥቂት ከሄድን በኋላ ነው። ዞሬ ላያቸው አልደፈርኩም። "ግዝትዎን አፈረስኩ፤ ይፍቱኝ" አልኩ።

ከኋላዬ የድፍን ጫማቸው ኮቴ ይሰማኛል። ይቆማሉ፣ መስቀላቸውን ያወጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

"እግዚአብሔር ይፍታሽ" አሉ ተቆጥተው፣ ሳይቆሙ።