የወጌሻው ቀኝ እጅ

ኢሕአዴግ ከገባ አራት ወይም አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ወሩ ኅዳር ነበር። ይህን ነገር ለብዙ ሰው አውርቼዋለሁ፤ ግን አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ እዘላለሁ። የምዘለውን ከንስሐ አባቴ በቀር የሰማ ሰው የለም። እንቅልፍ የሚነሳኝ ደግሞ እሱው ነው። አሁን ዕድሜዬም ገፍቷልና ሳልዘል ልጻፈው።

ያኔ የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነበር። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች አሮጌ የቤንዚን ላንድሮቨር ነበረችኝ። በአዘቦት ቀን ከቡሬ በርበሬ እጭንባታለሁ፤ በገበያ ቀን ደግሞ ከጅጋ ወደ ውስጥ ገብቼ አውቶቡስ ከማይደርስባቸው ቀበሌዎች ሰው አወጣባታለሁ። ጉልበቷ ደህና ነበር። አመሏ ግን ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳቷ ላይ ነው። ጉም ሲወርድ ወይም ወንዝ ስትሻገር ድርግም ትላለች። ወርጄ ኮፈኑን ከፍቼ እሳቱን የሚያከፋፍለውን ዲስትሪቢውተር በጨርቅ አደርቃለሁ፤ እሳቱን የሚያቆራርጠውን ፑንቲና በክብሪት ቀፎ ጎን ፈግፍጌ፣ ክፍተቱን በሲጋራ ፓኮ ቁራጭ ለክቼ አስነሳታለሁ። ተሳፋሪው መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ያሾፍብኛል።

ከተሳፋሪዎቼ አንዱ አያ ታከለ ነበሩ። ከጅጋ ወዲያ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ ገበሬና ወጌሻ ናቸው። በገበያ ቀን ጅጋ ከከብት ተራው ጀርባ አንዲት ግራር ሥር ይቀመጣሉ። ክንዱ የወለቀውም ቁርጭምጭሚቱ የዞረውም እዚያ ይጠብቃቸዋል። እኔንም ከበርበሬ ጭነት ላይ ወድቄ ትከሻዬ ሲወልቅ መልሰውልኛል። ስለዚህ አላስከፍላቸውም ነበር።

እሳቸው ግን በነፃ መሳፈር አይወዱም። ዘዴ ፈጠሩ። ማኖቬላውን፣ ያን ከፊት ተሰክቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞረውን ብረት፣ እሳቸው ያዞሩልኛል። "የኔ ሒሳብ ይኸ ነው፤ አንተ ኸመሪህ ቁጭ በል" ይሉኛል። ሽማግሌ ፊት ለፊት ጎንበስ ብሎ ሲያዞር ጎረምሳ መሪ ይዞ መቀመጡ ነውር ነው። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። እሳቸው ደግሞ በጣም ይወዱት ነበር። አንዴ ዞር ሲያደርጉት ይነሳል፤ ጋቢያቸውን እያራገፉ እንደ ልጅ ይስቃሉ።

የዚያን ዓመት መስከረም ላይ አዲስ አበባ ሄጄ ሶማሌ ተራ ሁለት ቀን ሙሉ ዞርኩ። መኪናዋን ከዚያ አመሏ ላላቅቃት ቆርጬ ነበር። አዲስ ፑንቲናና ኮንደንሰር ብገዛ ይቀለኛል፣ የትም አገኘዋለሁ፤ ግን ክረምት ሲመጣ ያው ልመና ነው። እሳቱን የሚያጠነክረውን ቦቢና ብቻ በኃይለኛ ልለውጠው ብል ፑንቲናው ቶሎ ይቃጠላል አሉኝ። ሦስተኛው ያለ ፑንቲና በኤሌክትሮኒክስ የሚሠራ ዲስትሪቢውተር ነበር፤ ከሌላ መኪና ከነቦቢናው የወጣ። ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ። ገዛሁት። ካንዴላዎቹንም አብሬ ቀየርኩ።

የገጠሙልኝ አንድ ሽበታም መካኒክ ነበሩ። ጨርሰው እጃቸውን እየጠረጉ፣ "ስማ ልጄ፣ የዚህ እሳቱ ኃይለኛ ነው፤ ቀድሞም ይተኩሳል። ባትሪህን አጠንክር፤ ማኖቬላውን እርሳው። ወደ ኋላ ተመልሶ ይመታሃል" አሉኝ። እሺ አልኩ።

አገሬ ስገባ መኪናዋ ሌላ ሆነች። ጉሙንም ወንዙንም ናቀችው። እኔ ግን አልበቃኝም። አንድ ቀን ዲስትሪቢውተሩን ፈታ አድርጌ ትንሽ አዞርኩት፤ እሳቱ ከተባለውም በላይ እንዲቀድም። ዳገት ላይ ይበልጥ ጎተተችልኝ። ራሴን መካኒክ አደረግሁት። ለተሳፋሪው ሁሉ "ከእንግዲህ አትቆምም" እያልኩ ፎከርኩ። ባትሪውን ግን ዛሬ ነገ እያልኩ አልለወጥኩትም።

በዚያ የኅዳር ገበያ ቀን ጠዋት አያ ታከለን ጨምሮ ስምንት ሰው ጭኜ ከቀበሌያቸው በታች ያለችውን ወንዝ ተሻገርኩ። አንዱ ተሳፋሪ ጆንያው ሊወድቅበት ሆነና አስቆመኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ጆንያው ታስሮ ልነሳ ስል ማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ አቃሰተና ዝም አለ። ያለንበት ጎድጓዳ ነው፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ዳገት። ገፍቶ ማስነሳት አይታሰብም።

እትየ ዓለምነሽ የሚባሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፣ ምላሳቸው የማይምር። "አንተ፣ አትቆምም ያልኸን ይችኑ ነው እንዴ? አዲስ አበባ ድረስ የሄድኽላት ይችኑ?" አሉኝ። መኪናው በሳቅ ተሞላ። ፊቴ ጋለ።

አያ ታከለ ማኖቬላውን ከወንበሩ ሥር ጎትተው አውጥተዋል። ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ ፊት ሄዱ።

የምዘለው ቦታ ይኸ ነው። "ይመታሃል" ያሉኝ መካኒክ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ማስጠንቀቂያው ሳይበቃ እኔ ራሴ እንዳባስኩት አውቃለሁ። አፌንም ከፍቼ ነበር። ግን ምን ልበል? "አዲሱ ዕቃዬ በማኖቬላ አይነሳም" ብል ሳቁ እንደገና ሊጀምር ነው። አንድ ጊዜ ነው፣ ምን ይሆናል አልኩ። ቁልፉን ከፈትኩና፣ "ያዙሩት፣ አያ" አልኳቸው።

ሞተሩ ጓ አለ። ማኖቬላው ወደ ኋላ ተመለሰ። የሰማሁት ድምፅ ደረቅ ነበር፣ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው። አያ ታከለ አልጮኹም። በግራ እጃቸው ቀኛቸውን ይዘው መኪናዋን ተደገፉ።

ዘልዬ ወረድኩ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ከፍ ብሎ ታጥፏል። ተሳፋሪው ተንጫጫ። "ምነው አያ፣ በዚህ ዕድሜዎ! አያያዙን ስተውት ነው" አለ አንዱ። እሳቸውም በዝግታ፣ "አዎ፣ አያያዜ ነው። አውራ ጣቴን ኸብረቱ ላይ አላወጣሁም" አሉ።

ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንውሰዳቸው ተባለ፤ መኪናዋ ግን አትነሳም። እሳቸው ደግሞ፣ "ሳያብጥ መሳብ አለበት" አሉ። ሌላው ወጌሻ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው። አንድ በአንድ አዩንና ወደ እኔ ጠቆሙ። "አንተ ና። መሪ የለመደ እጅ አይንቀጠቀጥም።"

መሬት ላይ ተቀመጡ። አንድ ሰው ክንዳቸውን ከላይ ያዘ። "መዳፌን ያዝ። አትንጠቅ፣ ሳብ" አሉኝ። ሳብኩ። የሁለቱ አጥንቶች ጫፍ ከቆዳው ሥር ሲፋተግ ተሰማኝ። "ገና ነው፣ ሳብ። ኸዚህ ላይ ሲገጥም ይታወቅሃል።" ላባቸው በጺማቸው ይንጠባጠባል። ትንሽ ሳብኩና፣ "አልችልም፣ አያ" ብዬ ለቀቅኩ። አልገጠመም ነበር። በግራ እጃቸው ጣቶች ዳሰሱት። ከዚያ፣ "ይበቃል፤ እሰረው" አሉኝ። አንዱ ገበሬ ሽመሉን ሰንጥቆ ሰጠኝ። እትየ ዓለምነሽ ነጠላቸውን ቀደዱልኝ። እያለቀሱ ነበር።

እሳቸውን በበቅሎ ወደ ቤታቸው መለሷቸው፤ ሌላው በእግሩ ሄደ። ብቻዬን ስቀር ዲስትሪቢውተሩን ፈታሁና ወደ ነበረበት መለስኩት። ማንም ሳይጠይቀኝ ዱካዬን አጠፋሁ።

እጃቸው ጠሞ ዳነ። ጣቶቻቸው ደነዘዙ። ወጌሻ የሚያየው በጣቱ ነው፤ ስለዚህ አያ ታከለ ታወሩ ማለት ነው። ይህን ሳይ መኪናዋን ሸጥኩ። ሰው ንግዱ ሰልችቶት ነው አለ።

የክንዳቸው ማሰሪያ ከተፈታ በኋላ ልጠይቃቸው ሄድኩ። "በገበያ ቀን ግራሯ ሥር ና" አሉኝ። በሰው ፊት ሊከሱኝ ነው ብዬ እየፈራሁ ሄድኩ። ስደርስ ከበቅሎ የወደቀ አንድ ገበሬ ትከሻው ወልቆ ተቀምጧል። አያ ታከለ ለተሰበሰበው ሰው፣ "ክንዴን ያሰረልኝ ይኸ ነው። ኸእንግዲህ እጄ እሱ ነው" አሉ። ጠማማ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ አድርገው መንገዱን እየነገሩኝ ትከሻውን መለስኩት። የሰውየው ሚስት እልል አለች። እኔ ከግራሯ ጀርባ ሄጄ መዳፌን በአፈር አሸሁ።

ሦስት ዓመት በየገበያው አጠገባቸው ተቀመጥኩ። የሚያውቁትን በሙሉ አስተማሩኝ። አንድም ቀን ስለ መኪናዋ አላነሱም። የማንንም እጅ ስስብ የሳቸው አጥንት መዳፌ ውስጥ ይፋተጋል፤ እስከ ዛሬም አልተወኝም።

ከዚያ ታመሙ። አንድ ቀን ቀትር ላይ ሄጄ መደባቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ውኃ ሊቀዱ ወጥተው ነበር። "አያ፣ የዚያን ቀን የማኖቬላው ነገር..." ብዬ ጀመርኩ።

እጃቸውን አነሱ። "ተው" አሉኝ።

"ልንገርዎት፣ አያ።"

"ኸነገርኸኝ ልቀየምህ ነው። ኸተቀየምሁህ አንተም አትመጣም። የሰዉን ክንድ ማን ይመልሰዋል?"

ከዚያ ባለፈው ገበያ የመጣው፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረው ሰውዬ እንዴት እንደሆነ ጠየቁኝ። መራመድ ጀምሯል አልኳቸው። "ደግ" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ዐረፉ።

ያውቁ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሚያውቁ አላውቅም፤ ምናልባት ማኖቬላው ከተመለሰባት ደቂቃ ጀምሮ። አልተቀየሙኝም። ይቅርም አላሉኝም። ይቅር ለማለት መስማት ነበረባቸው፤ እሳቸው ደግሞ ላለመስማት መረጡ። ንስሐ ገብቻለሁ፣ ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ ያችን "ተው" የምትል ቃል ግን የሚያነሳልኝ አላገኘሁም።

አሁንም ጅጋ እሄዳለሁ። የተሰበረ ከመጣ ሆስፒታል እልካለሁ፤ የወለቀውን እመልሳለሁ። እናቶች ልጃቸው ክንዱን ሲያነሳ ያዩና እጄን ሊስሙ ጎንበስ ይላሉ። እጄን እነጥቃቸዋለሁ። ትሕትና ይመስላቸዋል።